ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፦ ስለ ሕይወቱ፣ ስለ ሞቱና ስለ አጽሙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አፄ ቴዎድሮስን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ስለ ልጃቸው ግን አብዛኞቻችን ያለን አንድ ፎቶግራፍና አንድ ቁጭት ብቻ ነው። ፎቶግራፉ ያሳዝናል፤ ቁጭቱም ተገቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የ18 ዓመት ሕይወት ግን በሚገባው ልክ አይነገርም። ከዚህ በታች የሰበሰብኳቸው ልዑሉ በተነሣ ቁጥር የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። በአገር ቤት የሆነውን በእኛ አቆጣጠር (ዓ.ም.)፣ ከአገር ከወጣ በኋላ የሆነውን ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ጽፌዋለሁ።

ልዑል ዓለማየሁ ማን ነው?

የዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልጅ ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. ተወለደ። ሰባት ዓመት በሞላው ሰሞን አባቱንም እናቱንም በአንድ ወር ገደማ ውስጥ አጣ። የእንግሊዝ ጦር ከአገሩ ይዞት ወጣ። በ18 ዓመቱ ሊድስ በምትባል የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ሞተ፤ አጽሙም እስከ ዛሬ በዊንድሰር ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ይገኛል።

የአፄ ቴዎድሮስ ብቸኛ ልጅ ነበር?

አልነበረም። ታላቅ ወንድሙ መሸሻ ቴዎድሮስ ነበር፤ እኅቱ አልጣሽ ደግሞ ለወጣቱ ምኒልክ ተድራ ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲሄዱ እሷ እዚያው ቀርታለች። ይሁንና ከእቴጌይቱ የተወለደውና አባቱ ወራሼ ብለው ያሰቡት ዓለማየሁ ነው።

የወላጆቹ ጋብቻ ደስታ ያልነበረው ለምንድን ነው?

ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ውቤ የሰሜንና የትግራይ ኃያል ገዥ ነበሩ። ደረስጌ ላይ ያሳነጿት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ራሳቸው ዘውድ ሊጭኑባት የተዘጋጀች ነበረች። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸው፤ ከዚያም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ውቤ ታሰሩ። የመጀመሪያዋ ባለቤታቸው ተዋበች አሊ ካረፉ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ያገቡት የእኚህን እስረኛ ልጅ ነው።

እንግዲህ ሙሽራዋ የገቡት አባታቸውን አስሮ ዘውዳቸውን ከደፋው ሰው ቤት ነው። እቴጌይቱ ኩሩና ጸሎተኛ እንደነበሩ ይነገራል። አንድ ቀን ዳዊት ሲደግሙ ንጉሡ ቢገቡ ቀና ሳይሉ ቀሩ፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቁም ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርኩ ነው ብለው መለሱ ተብሎ ይተረካል። ልጁ ያደገው በእነዚህ በሁለት እልኸኞች መካከል ነበር። አባቱ ከዘመቻ ዘመቻ ሲዘዋወሩ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከእናቱ ጋር መቅደላ ላይ ኖረ።

እንግሊዞች መቅደላ ድረስ ምን አመጣቸው?

ታሪኩ የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ። ንቀቱ አንገበገባቸውና ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ድርድሩ ሳይሳካ ቀረ። በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ወታደር ያለው ጦር ከህንድ ተነሥቶ በዙላ ወደብ ወረደ፤ 44 ዝሆኖችም ይዞ ነበር።

በእነዚያ ቀናት ልጁ የት ነበር?

እዚያው አምባው ላይ ከእናቱ ጋር። ይህን ሰሙነ ሕማማት ከልጁ ጎን ሆኜ ሳስበው ይከብደኛል። ሐሙስ ዕለት አባቱ በቁጣ በርካታ እስረኞችን አስገደሉ። በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ፤ የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር በዘመናዊ ጠመንጃና ሮኬት ረገፈ። ቅዳሜና እሑድ በመልእክተኞች ምልልስ አለፉ፤ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን ፈቱ፣ ለፋሲካም ለናፒየር ከብት ላኩ። ሰኞ፣ በፋሲካ ማግስት፣ እንግሊዞች አምባውን ሰብረው ሲገቡ ንጉሡ ራሳቸውን ሰዉ። የሞቱበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነበር።

ወታደሮቹ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ እቴጌይቱንና ልጁን ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አገኟቸው። ከተፈቱት እስረኞች አንዱ የነበረው ሆርሙዝድ ራሳም እንዲጠበቁ አደረገ። ከዚያ በኋላ ዝርፊያው ቀጠለ፤ አምባው ተቃጠለ። ዘውዱ፣ ታቦታቱ፣ የብራና መጻሕፍቱ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጡ።

በሕዝብ ግጥም፣ እንግሊዞች ማረክን የሚሉት ሰው እጃቸው ላይ የለም ይባላል። ስለ አባትየው ከሆነ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እጃቸው ላይ ነበር።

አባቱ “ልጄን ለእንግሊዞች ስጡ” ብለው ተናዝዘዋል የሚባለው እውነት ነው?

እንዲህ ብለው የጻፉት ራሳምና ሌሎች እንግሊዛውያን ናቸው፤ እቴጌይቱም የባላቸውን ቃል አከበሩ ይላሉ። እኔ ይህን ቃል በጥንቃቄ ነው የማየው። ምስክሮቹ ሁሉ ልጁን የወሰዱት ወገኖች ናቸውና። በሌላ በኩል ስጋቱ የውሸት አልነበረም። የዋጉ ጎበዜ፣ የትግራዩ ካሣ ምርጫ፣ የሸዋው ምኒልክ ለዘውዱ በተሰለፉበት ሰዓት የቴዎድሮስ ወራሽ በየትኛውም ካምፕ በሰላም አያድግም ነበር። አባት ይህን አስቦ እንግሊዝ አገር ይማርልኝ ቢል አይደንቅም። በእርግጥ የምናውቀው እናቱ ልጃቸውን ብቻውን አሳልፈው እንዳልሰጡ ነው፤ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ ከጎናቸው ነበር።

እናቱ እንዴት ሞቱ?

በሳንባ ሕመም፣ በመንገድ ላይ። ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ አረፉና በጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። አባቱ በሞቱ በ32ኛው ቀን መሆኑ ነው። የአባቱ ተዝካር እንኳ ገና አልደረሰም ነበር።

ባሻ ፈለቃ ማን ነው? ክፉ ነበር ወይስ ደግ?

ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነው፤ ህንድ ውስጥ የተወለደ፣ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ጺሙ ቀይ፣ አማርኛ አጥርቶ የሚናገር። ቀደም ሲል ቴዎድሮስን አገልግሏል፤ ወታደሮቻቸውንም አሠልጥኗል። ባሻ ፈለቃ የሚለውን ስም ያገኘው ያኔ ነው። በኋላ ናፒየር አስተርጓሚ ሲፈልግ ከሩቅ አገር አስጠራውና ከወራሪው ጦር ጋር ተመለሰ።

ስለዚህ ሰው የሚጻፈው ሁሉ ወይ መልአክ ወይ ሌባ ያደርገዋል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ከወረረው ጦር ጋር መጥቷል፤ ልጁን ከአገሩ ካወጡት አንዱም እሱ ነው። ግን ልጁ እናቱ ከሞቱ በኋላ የሙጥኝ ያለው እሱን ነው፤ ሌሊት በፍርሃት ይባንን ስለነበር ስፒዲ አጠገቡ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ምንም ቢሆን፣ ከዚያ ጦር ሁሉ በልጁ ቋንቋ “አይዞህ” ሊለው የሚችለው ይህ ሰው ነበር።

ያ ታዋቂ ፎቶግራፍ የት ነው የተነሣው?

አይል ኦፍ ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ፣ በሐምሌ 1868 እ.ኤ.አ.። ያነሣችው በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። በአንዳንዶቹ ሥዕሎች ስፒዲ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ ጋሻና ጦር ይዞ ይታያል፤ ከስሩም “ደጃች ዓለማየሁ እና ባሻ ፈለቃ” የሚል ስም ተሰጥቶታል። ልጁ ወላጆቹን ከቀበረ ሦስት ወር አልሞላውም። ለእንግሊዝ ተመልካች የሩቅ አገር ትርዒት ነበር፤ ለእኛ ግን ያ ፊት የሐዘንተኛ ፊት ነው።

ንግሥት ቪክቶሪያ በእውነት ይወዱት ነበር?

አዎን፣ ይመስለኛል። በዚያው ወር ኦዝበርን ከሚባለው ቤተ መንግሥታቸው አቅርበው አዩት፤ በዕለት ማስታወሻቸውም መልኩንና ዓይኖቹን አድንቀው ጻፉ። ከዚያ በኋላም እስኪሞት ድረስ ስለ ጤናውና ስለ ትምህርቱ ይጠይቁ ነበር። የሚያሳዝነው ፍቅራቸው ሥልጣን ያልነበረው መሆኑ ነው። የልጁን ወጪ የሚከፍለው መንግሥት ነበርና የት እንደሚኖርና ማን እንደሚያሳድገው የሚወስነው የገንዘብ ሚኒስቴር ሆነ። ይህን ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ያሳያል።

ህንድ አገር ምን ወሰደው? ከስፒዲስ ለምን ለዩት?

ስፒዲ በ1868 መጨረሻ ኮርኔሊያ ኮተን የምትባል ሴት አገባ፤ ከዚያም ህንድ ውስጥ የፖሊስ ሹመት አገኘ። ዓለማየሁም አብሯቸው ሄደ። ቀጥሎ ስፒዲ ወደ ፔናንግ፣ ዛሬ ማሌዥያ ውስጥ ወዳለችው ደሴት ሲዛወር ልጁም ተከተለ። ከመቅደላ በኋላ ቤተሰብ የሚመስል ነገር ያገኘው በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ነው። አባት የሚሆነው ሰው ነበረ፣ እናት የምትሆነው ሴት ነበረች።

ለንደን ያሉት ባለሥልጣናት ግን ልጁ እንግሊዝ ውስጥ በወጉ መማር አለበት አሉ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው ከስፒዲ ተነጥሎ እንዲመጣ ወሰነ። ንግሥቲቱ ተቃወሙ፤ ልጁን ከሚወዳቸው ሰዎች መለየት ጭካኔ ነው ብለው ያምኑ ነበር። አልተሰሙም። በ1872 እ.ኤ.አ. የቸልተናም ኮሌጅ ርእሰ መምህር ለነበሩት ለዶክተር ቶማስ ጄክስ-ብሌክ ተሰጠ።

የዚህ ልጅ ሕይወት የተሰበረው የት ላይ ነው ብባል ጣቴን የምቀስረው እዚህ ላይ ነው። መቅደላ ላይ የሆነው የጦርነት ጣጣ ነው፤ የእናቱም ሞት የፈጣሪ ፈቃድ ነው ይባል ይሆናል። ይህኛው ግን በሰላም ጊዜ፣ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ፣ ልጁ ምን እንደሚሻ ሳይጠየቅ የተፈረመ ውሳኔ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላው ለሁለተኛ ጊዜ ወላጅ አልባ አደረጉት። ከዚያ ወዲያ በአማርኛ የሚያናግረው ሰው አጠገቡ አልነበረም።

በዚያው ዓመት የብሪታንያ ሙዚየም ከመቅደላ የተዘረፈውን አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ አፄ ዮሐንስ በደብዳቤ ስለጠየቁት መልሶ ልኳል። መጽሐፉ ወደ አገሩ ገባ፤ ልጁ ቸልተናም ገባ።

ትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት ነበር?

ጄክስ-ብሌክ በ1874 የራግቢ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነው ሲሾሙ ይዘውት ሄዱ። በቀለም ትምህርቱ ደካማ ነበር፤ በስፖርት ግን ጎበዝ። መምህራኑ ስለ ጸባዩ መልካም ነገር ይናገራሉ። ይሁንና ዝምተኛና ሆደ ባሻ ሆኖ አደገ። ሰው ሁሉ በቆዳዬ ቀለም ምክንያት ያፈጥብኛል ብሎ ያስብ እንደነበር ንግሥቲቱ ራሳቸው ጽፈዋል።

አንዳንዶች “ደካማ ተማሪ ነበር” የሚለውን እንደ ነውር ይደብቁታል። ምን ያስደብቃል? በአማርኛ የጀመረውን ዓለም ጥሎ ከእንግሊዝ ወደ ህንድ፣ ከህንድ ወደ ፔናንግ ሲንከራተት በእንግሊዝኛ ያደገ ልጅ በላቲንና በግሪክ ከመኳንንት ልጆች ጋር እንዲወዳደር ነበር የተፈለገው።

ወታደር ሆኖ ነበር የሚባለውስ?

በ1878 ሳንድኸርስት ወደሚገኘው የእንግሊዝ መኮንኖች ማሠልጠኛ አስገቡት። የተዋጊ ንጉሥ ልጅ ነውና ወታደርነት ይስማማዋል ብለው ይሆናል። አልተስማማውም። በጓደኞቹ ይቀለድበት ነበር፤ እጅግ ተከፋ። ሥልጠናውን ሳይጨርስ ወጣ። ልብ በሉ፣ አባቱን ያሸነፈውን ጦር መኮንን ልብስ እንዲለብስ ነበር የተጠየቀው።

ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ጠይቆ ነበር?

አዎን፣ አገሬ እመለሳለሁ የሚል ምኞት ነበረው። ሐሳቡ ገና ሲነሣ ተቀጨ። በዚያን ጊዜ ዙፋኑ ላይ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ነበሩ፤ አክሱም ላይ የነገሡት በጥር 1864 ዓ.ም.፣ እሱ ቸልተናም በገባበት ዓመት ነው። የቴዎድሮስን ወራሽ ወደዚያ መላክ የእንግሊዝ መንግሥት በኢትዮጵያ የሥልጣን ጉዳይ እጁን እንደሚያስገባ ያስቆጥርበታል፤ ለልጁም ሕይወት አስጊ ነበር። ምክንያቶቹ ባዶ አይደሉም። ግን እዚህ ላይም ውሳኔው የእሱ አልነበረም።

ቢመለስ ኖሮ ይነግሥ ነበር?

በእኔ ግምት አይነግሥም ነበር። ዘውድ በዚያ ዘመን የሚገኘው በጦርና በወገን ድጋፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለቱም አልነበሩትም። አባቱ በመጨረሻ ዓመታቸው አብዛኛውን አገር አስቀይመው ነበር። የእናቱ ወገኖች በሰሜን ነበሩ፤ ቢያስጠጉት ኖሮ አንድ ደጃዝማች ሆኖ አግብቶ፣ ወልዶ በኖረ። ለእኔ የጠፋው ትልቁ ነገር ዘውዱ አይደለም፤ ያ ሕይወት ነው።

እንዴት ሞተ? ተመርዟል የሚባለውስ?

ከሳንድኸርስት ከወጣ በኋላ ቀድሞ ያስጠኑት የነበሩት ሲረል ራንሰም ወደሚኖሩበት ወደ ሊድስ ተላከ። ራንሰም እዚያ የታሪክ መምህር ነበሩ፤ ልጁም ሄዲንግሌይ በሚባለው ሰፈር እሳቸው ቤት ተቀመጠ። በ1879 መጸው ብርድ መታውና ሳንባው ታመመ። ሕመሙ ሲጸናበት መርዘውኛል ብሎ ምግብና መድኃኒት አልቀበልም አለ። የመመረዝ ወሬ መነሻው ይህ የራሱ ፍርሃት ነው፤ የገደለው የሳንባ ሕመሙ ነው።

መርዘውኛል ማለቱን እንደ ቅዠት ብቻ አድርጎ ማለፍ ግን አይገባም። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ልጅ በመጨረሻ ማንንም ማመን ቢሳነው ማን ይፈርድበታል?

ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. (ኅዳር 14 ቀን 1879 እ.ኤ.አ.) ዐረፈ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዚያ ቀን ማስታወሻቸው፣ በባዕድ አገር አንድም ዘመድ ሳይኖረው ብቻውን መሞቱን፣ ሕይወቱም ደስታ የሌለበት፣ በችግር የተሞላ እንደነበር በሐዘን ጽፈዋል። ይህን ዐረፍተ ነገር የጻፉት የልጁ ጠላት ሳይሆኑ ከሁሉ በላይ ያዘኑለት ሰው ናቸው። የእንግሊዝ ቆይታው መልካም ዕድል ነበር ለሚሉ ሁሉ ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም።

የተቀበረው የት ነው?

በንግሥቲቱ ፈቃድ፣ ዊንድሰር ቤተ መንግሥት ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት። ሥርዓቱ የተፈጸመው ኅዳር 12 ቀን፣ በእኛ የሚካኤል በዓል ዕለት ነው። አስከሬኑ ያረፈው ከቤተ ጸሎቱ ውጭ፣ ሌሎች ሰዎችም በተቀበሩበት ከመሬት በታች ባለ ክፍል ነው። ውስጥ ግድግዳው ላይ የናስ ጽላት አለ፤ ከማቴዎስ ወንጌል 25፥35 “እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና” የሚለው ቃል ተቀርጾበታል።

ታዲያ እንግዳ ነበር ወይስ ምርኮኛ?

ጽላቱ እንግዳ ይላል። እንግዳ ግን ወዶ ይመጣል፣ ሲሻውም ይሄዳል። ዓለማየሁ ወዶ አልመጣም፤ እሄዳለሁ ሲልም አልተፈቀደለትም። በሌላ በኩል እስር ቤት አልገባም፤ በመልካም ቤቶች ኖሯል፣ በውድ ትምህርት ቤቶች ተምሯል፣ የወደዱት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ምርኮኛ ነበር እላለሁ፤ ቃሉ የሚከብዳችሁ ካላችሁ፣ በ18 ዓመት ሕይወቱ ውስጥ እሱ ራሱ ወስኖ የተፈጸመለት አንድ ትልቅ ነገር ፈልጋችሁ ጥቀሱልኝ።

አጽሙ ለምን አይመለስም?

ኢትዮጵያ በተደጋጋሚ ጠይቃለች። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በነበሩበት ዘመን፣ የኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሊከበር ሲቃረብ፣ ጥያቄው ለንግሥት ኤልሳቤጥ በይፋ ቀርቧል። የመቅደላ ቅርሶች እንዲመለሱ የታገሉት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን ሲያነሡ ኖረዋል። በእንግሊዝ ተወልዶ ከእናቱ ተለይቶ ያደገው ገጣሚ ለምን ሲሳይም ድምፁን አሰምቷል። የቤተሰቡ ዘሮች ነን የሚሉ ሰዎችም ጠይቀዋል።

በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ፣ በአካባቢው ያረፉትን የብዙ ሌሎች ሰዎች አጽም ሳይነኩ የእሱን ማውጣት አይቻልም የሚል ነው። የዊንድሰር ካህናት የልዑሉን ክብር እንደሚጠብቁ፣ የኢትዮጵያ ልዑካንም እንዲጎበኙ ሲያስተናግዱ እንደቆዩ ተገልጿል። ከዚያ በፊት ደግሞ ከሌሎቹ አጽሞች የእሱን መለየት አይቻልም የሚል ምክንያት ይሰጥ ነበር።

ውሳኔው በማን እጅ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት በየትኛውም ሀገረ ስብከት ጳጳስ ሥር አይደለም፤ የሚያስተዳድረው በዘውዱ ሥር ያለው የዊንድሰር ካህናት ጉባኤ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በመጨረሻ የሚያርፈው ካህናቱና ንጉሡ ዘንድ ነው።

ምክንያቱን ላለመናቅ እሞክራለሁ፤ ሙታንን አለማወክ በእኛም ዘንድ የተከበረ ነገር ነው። ግን ዘመናችን ከአንድ የጋራ መቃብር አንድን ሰው በጥንቃቄ ለይቶ የማውጣት ጥበብና ልምድ አለው። የሌሎቹንም ክብር ጠብቆ፣ ጸሎት አድርሶ፣ መልሶ ማሳረፍ ይቻላል። እንቢታው ከአቅም ማነስ ይልቅ ከፈቃድ ማነስ የመጣ ይመስለኛል።

ጸጉሩ ተመልሷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. የልዑሉ ቁንዳላ ከሌሎች የመቅደላ ቅርሶች ጋር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ተሰጠ። ጸጉሩን ጠብቀው ያቆዩት የካፒቴን ስፒዲ ቤተሰብ ዘሮች ናቸው። ከዚያ በፊት፣ በመጋቢት 2019፣ ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ጸጉር መልሷል።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ትንሽ መጽናኛ ብቻ ያየዋል። እኔ ከዚያ በላይ ነው እላለሁ። ሥሩ የሌለበት፣ የተቆረጠ አሮጌ ጸጉር እንኳ በእናት በኩል የሚተላለፈውን ዲኤንኤ ሊይዝ ይችላል። አጽሙ አይለይም የሚል ክርክር ዳግም ቢነሣ፣ የሚመሳከርበት ነገር አሁን በኢትዮጵያ እጅ አለ።

ቢመለስ የት ይቀበር?

ይህን ብዙዎች ይከራከሩበታል። የአባቱ አጽም መጀመሪያ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም አርፎ ነበር፤ በኋላ ወደ ቋራ፣ ወደ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ተወስዷል። እናቱ ጨለቆት ናቸው። አባት ዘንድ የሚሉ ይበዛሉ። እኔ ብጠየቅ ከእናቱ አጠገብ እላለሁ፤ በጉዞው ላይ እስከ መጨረሻው እጁን ይዘውት የነበሩት እሳቸው ናቸውና።

እንግሊዝ ያለን ሰዎች መካነ መቃብሩን መጎብኘት እንችላለን?

ቤተ ጸሎቱን፣ አዎን። የዊንድሰር ቤተ መንግሥት የመግቢያ ትኬት ቤተ ጸሎቱንም ይጨምራል። እሑድ ቤተ ጸሎቱ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ለጸሎት ለሚመጣ ሰው ግን ክፍት ነው። የልዑሉን ጽላት ካላያችሁት አስተናጋጆቹን ጠይቁ። ከተቻለ ቡድን ሆናችሁ፣ ካህን ይዛችሁ፣ አስቀድማችሁ ለጽሕፈት ቤቱ ጽፋችሁ ሂዱ።

ልናስበው ብንፈልግ በየትኛው ቀን ይሁን?

ኅዳር 5 ቀን ዐርፏል፤ ኅዳር 12 ተቀብሯል። የአውሮፓውያኑ ኅዳር 14 ዛሬም በአብዛኛው ከእኛ ኅዳር 5 ጋር ስለሚገጥም በውጭ አገር ያላችሁትም በአገር ቤት ያላችሁትም በአንድ ቀን ልትገናኙ ትችላላችሁ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት የተጠመቀ ልጅ ነውና በቤተ ክርስቲያን ስሙ በፍትሐት ቢጠራ ተገቢ ነው፤ ዓለማዊ ስሙን ብቻ እየጠሩም ቢሆን ብዙዎች ያደርጉታል።